አማቾች ፊት የጠየቅኩት

ባለፈው ሳምንት የሐሞት ጠጠሯን ልታስወጣ ሆስፒታል የተኛች ጎረቤቴን ልጠይቅ ሄድኩ። አንድ ወጣት የማደንዘዣ ባለሙያ መጣና፣ «በቤተሰባችሁ ማደንዘዣ ተሰጥቶት ችግር የገጠመው ሰው አለ?» አላት። እሷ አፏን ሳትከፍት እህቷ «የለም» አለች። ባሏም «የለም» አለ። ማዶ የተኛችውን ሊጠይቅ የመጣ፣ እኛን በስም እንኳ የማያውቅ ሰውዬ ሳይቀር «ኧረ የለም!» አለ። ልጁ አመስግኖ ሊወጣ ሲል ቱግ አልኩና እሱን አስቀርቼ ጠያቂውን ሁሉ ከክፍሉ አባረርኩ። ጡረታ ከወጣሁ ቆይቻለሁ፤ ምን አገባሽ ሊሉኝ ይችሉ ነበር።

በደርግ ዘመን፣ ገና ወጣት ሳለሁ፣ አምቦ ተመድቤ የማደንዘዣ ነርስ ሆኜ እሠራ ነበር። የምነግራችሁ ነገር የሆነው በክረምት ነው። ጎጆ ከምትባለው የደጋ ከተማ የሚያመጣው መንገድ ያኔ በክረምት መንገድ አይባልም። ገብሱና ድንቹ በየጎተራው ይቀመጣል እንጂ ወደ ገበያ የሚወጣበት መላ የለም፤ ሰው ሲታመም ደግሞ ያው ቃሬዛ ነው። አያንቱ የምትባለውንም ከዚያ መኪና እስከሚገኝበት ድረስ በጭቃው ተሸክመው አመጧት። ሃያ ዓመት ያልሞላት ልጅ ናት። ሆዷ ተነፍቶ ተወጥሯል፣ ከንፈሯ ደርቋል። ዶክተራችን ገና ሲነካት አንጀቷ መጠማዘዙን አወቀ። አሁኑኑ ካልተከፈተች ትሞታለች አለ።

ለጥምቀት ልትዳር የታጨች ስለነበረች ከተሸካሚዎቹ አብዛኞቹ የእጮኛዋ ዘመዶች ናቸው። ከፊት ያሉት የእጮኛዋ አባት ኦቦ ጉደታ ነበሩ፤ ረጅም፣ ጋቢያቸው እስከ ወገባቸው በጭቃ የተለወሰ። ለበሽተኛዋ ብለው በቅቤ የራሰ የገብስ ጭኮ ሳይቀር ይዘዋል። አንጀቷ የተቋጠረ ሰው ምን ጭኮ ይበላል! እናቷ አዴ ለሊሴ ከሁሉም ኋላ ቆመዋል።

እንደ ደንቡ ጠየቅኩ። «ከዘመድ ቀዶ ጥገና ተደርጎለት መንቃት ያስቸገረው፣ ወይም የዘር በሽታ ያለበት አለ?»

ኦቦ ጉደታ ቀደሙ። «የምን የዘር በሽታ፣ ሲስተር! አያት ቅድመ አያታቸውን አስቆጥረን፣ አጥንተን ነው የጠየቅናት። ንጹህ ቤት ነው።»

«እናትየዋን ነው የጠየቅኩት» አልኩ።

አዴ ለሊሴ የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ አድርገው መሬት መሬት አዩ። «የለም፣ የለም» አሉ ተሸካሚዎቹ በአንድ ድምፅ። ዶክተሩ ከውስጥ ይጣራል። ገባሁ።

ሆዷ ሙሉ ስለሆነ እንዳታስመልስና እንዳያንቃት ቶሎ አስተኝቼ የመተንፈሻ ቱቦ ማስገባት ነበረብኝ። ለዚህ የሚሰጥ፣ የሰውነትን ጡንቻ ሁሉ ለጥቂት ደቂቃ የሚያዝል መርፌ አለ። በዚያች ጊዜ ሕመምተኛው መተንፈስ ስለማይችል የጎማውን ከረጢት በእጅ እየጨመቅን እኛ እናስተነፍሰዋለን። ከዚያ ሰውነቱ መድኃኒቱን ሰባብሮ ያጠፋውና በራሱ ይተነፍሳል። ስንቱን እንዲህ አድርጌ ነበር።

አያንቱ ግን አልተነፈሰችም። ዶክተሩ አንጀቱን ፈታ፣ የሞተውን ቆረጠ፣ ሰፋ፣ ሆዷን ዘጋ፤ አልተነፈሰችም። ማደንዘዣውን ዘጋሁት፤ አሁንም የለም። ልቧ ደህና ይመታል።

«ምን ሰጠሻት?» አለ ዶክተሩ።

«ሁልጊዜ የምሰጠውን!»

«ታዲያ ምን ሆነች?»

«እኔ ጠንቋይ ነኝ?»

የሚያስተነፍስ ማሽን የለንም፤ ያለን የእኔ እጅ ነው። ጣቶቼ ደነዘዙ። ዶክተሩ ጥቂት ተንጎራደደና አዲስ አበባ እንውሰዳት ብሎ አምቡላንሱ እንዲዘጋጅ አዘዘ። እኔ በዚያ ጉድጓድ መንገድ ላይ በሚንገጫገጭ መኪና ውስጥ ከረጢት ስጨምቅ ታየኝ። ጊንጪ ሳንደርስ ቱቦው ቢወልቅ አለቀላት። ያም ሆኖ እዚህ ይዣት ምን እንደምጠብቅ አላውቅም ነበር። ዝቅ ብዬ ሳያት ከዓይኗ ጥግ እንባ ወርዷል። ነቅታለች ማለት ነው፤ ትሰማለች፣ ግን ጣቷን እንኳ ማንቀሳቀስ አትችልም። ወደ ጆሮዋ ተጠጋሁና፣ «አያንቱ፣ አለሁ፤ አለቅሽም» አልኳት።

ይሄኔ መስኮቱ ተንኳኳ። አዴ ለሊሴ ናቸው። የአምቡላንሱ ሞተር ሲነሳ ሰምተው፣ ሰዎቹ ከፊት ለፊት ሲከቡት በጓሮ ዞረው መጥተዋል።

«ማሎ ሲስተር፣ ማሎ» ብለው ለመኑኝ፣ ግንባራቸውን ከመስኮቱ ብረት አስደግፈው ከረጢቱን እያዩ። «ወንድሟም አዲስ አበባ ሆዱን ሲሠሩት እንዲህ ሆኖ ነበር። እስከ ማታ በእጅ ሲያስተነፍሱት ዋሉ፤ ኋላ ግን ነቃ። ከዘር የመጣ ነው፣ ደማችሁ ያን መርፌ ቶሎ አይፈታም አሉን።»

«ታዲያ ስጠይቅዎት ለምን አልነገሩኝም?» ጮኽኩባቸው።

«ኦቦ ጉደታ ቆመው?»

ያን ዓይነት ንዴት ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም አልያዘኝም። ግን አሁን የምጠብቀውን አውቄያለሁ። መድኃኒቱ ቀስ ብሎ ይለቃታል፤ የእኔ ሥራ እስከዚያ መጨመቅ ብቻ ነው። አምቡላንሱ ቀረ። እንቅልፍ የሚያስይዝ መድኃኒት በትንሹ ሰጠኋት። እኔና ዶክተሩ እየተፈራረቅን ጨመቅን። ፀሐይዋ ወደ ጉደር ስታዘቀዝቅ ግንባሯን ቋጠር አደረገች፣ ቀጥሎ ትከሻዋ ተነቃነቀ፣ ከዚያ ሳለች። እንደዚያ ደስ ያለኝ ሳል የለም።

በማግስቱ አማቾቿ አልጋዋን ከበቡ። «ምን ነበር ያን ያህል ያቆያት?» አሉ ኦቦ ጉደታ። አዴ ለሊሴ በዓይናቸው ይለምኑኛል። እኔ ቃል ስመርጥ አያንቱ ቱቦው ባሻከረው ድምጿ ቀደመችኝ። «በመስኮት ያልሽውን ሰምቻለሁ፣ እናቴ» አለችና ወደ ኦቦ ጉደታ ዞረች። «ወንድሜም እንዲሁ ሆኖ ነበር። የቤታችን ነው። ብወልድ ለልጄም ሊተርፍ ይችላል።»

 እኔ ተንደርድሬ ማስረዳት ያዝኩ። ያ መርፌ ካልተሰጣት ጤነኛ ናት፤ ታርሳለች፣ ትወልዳለች፣ ዕድሜ ልኳን ምንም ላይነካት ይችላል። ኦቦ ጉደታ በትዕግሥት ሰሙኝ። «ገባኝ፣ ሲስተር። እግዜር ይስጥልን» አሉና እጄን ጨበጡ። መስቀል ሳይደርስ ሽማግሌ ልከው እጮኝነቱን አፈረሱ።

ይህን የሰማሁት አዴ ለሊሴ የልጃቸውን ቁስል ሊያሳዩ በመጡ ጊዜ ነው። አላለቀሱም፣ አልወቀሱኝም። «አየሽ፣ ልጄ?» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ቤተሰብን የምጠይቀው በር ዘግቼ፣ እናትን ለብቻዋ ሆነ። «ለምን ደበቃችሁ?» ብዬ ግን የተቆጣሁት ሰው የለም። አያንቱን ያተረፈልኝ የእናቷ ቃል ነው፤ ትዳሯን ያሳጣትም ያው ቃል ነው። ኦቦ ጉደታ ክፉ ሰው አልነበሩም። ይሄ ነው እስከ ዛሬ የሚያበግነኝ፤ ክፉ ቢሆኑ ኖሮ ረግሜያቸው አርፍ ነበር።