ሞተሩ ላይ ያልረጨሁት ማጽጃ

ትዕግስት የለኝም። ይህን እናቴም፣ አስተማሪዎቼም፣ ሰፈሬ አፍንጮ በር የሚያውቀኝ ሰው ሁሉ ነግሮኛል። ከአስራ ሁለተኛ ክፍል በላይ ያልገፋሁት መቀመጥ ስለሰለቸኝ እንጂ ጭንቅላት አጥሮኝ አይደለም። ስለዚህ የአባቴ መኪና የእህቴ ሰርግ ሁለት ቀን ሲቀረው መንቀጥቀጥ ስትጀምር፣ ቁጭ ብሎ ማሰብ የሚባል ነገር አልመጣልኝም።

መኪናዋ አሮጌ የቤት መኪና ናት፤ ግን ሱፐርቻርጀር አላት። በቺንጊያ፣ በሞተሩ ቀበቶ፣ እየዞረ አየር ወደ ሞተሩ በግድ የሚጠቀጥቅ ነገር ነው፤ ዳገት ላይ የሚያስፎክራት እሱ ነው። አባቴ ዓይኑ ከደከመ ወዲህ ቁልፉ የእኔ ሆኗል። ጆሮው ግን አሁንም ሹፌር ነው። በረንዳ ላይ ተቀምጦ «ማርሹን ዘግይተሽ ቀየርሽ» ይለኛል።

የሙሽራው ወገኖች ረጅም ነጭ መኪና ሊከራዩ ሲነሱ አባቴ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ። «ልጄ ከቤቴ የምትወጣው በመኪናዬ ነው። እኔም ከፊት እቀመጣለሁ።» ተስማሙ። አርብ ጠዋት ግን መኪናዋ ተነስታ ነዳጅ ሳይረገጥ ስትቆም እንደ ወባ በሽተኛ ተንቀጠቀጠች። አባቴ ሰማ። «ካልሆነ የእነሱን ይዘው ይምጡ» አለና ፊቱን አዞረ። እሱ ነው ያንገበገበኝ።

ስልኬ ላይ አንድ ሰውዬ የሚንቀጠቀጥ ሞተር የቆሸሸ ነው ብሎ ማጽጃ ወደ ሞተሩ አየር መሳቢያ እየረጨ ሞተሩን ሲያስጮኸው አየሁ። ጥቁር ጭስ ወጣ፣ ሰውዬው ሳቀ፣ አለቀ። ለእኔ የተፈጠረ ሥራ።

ምኒልክ አደባባይ አጠገብ መለዋወጫ የሚሸጡ፣ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው ሴት አሉ። ባለቤታቸው ከሞቱ ጀምሮ ሱቁን የያዙት እሳቸው ናቸው፤ የጎረቤቶቻቸው ሱቆች ሲፈርሱ የእሳቸው ሱቅ ተርፋለች። የሚረጨውን ማጽጃ ጠየቅኳቸው።

«መኪናሽ ነፊ አላት?»

«ሱፐርቻርጀር? አላት።»

«እንግዲያው አልሸጥልሽም።»

«እትዬ፣ ሱቅ እኮ ነው የከፈቱት!»

«አዎ ሱቅ ነው። ቄራ አይደለም።»

ተናድጄ ሁለት ሱቅ አልፌ ገዛሁ። እዚያ ምንም የጠየቀኝ የለም። መኪናዋን ያቆምኩት ግን እሳቸው ደጃፍ ላይ ስለነበር እዚያው ኮፈኑን ከፈትኩ፣ ሞተሩን አስነሳሁ፣ አየር የሚገባበትን ቱቦ ነቀልኩ፣ የማጽጃውን ቆርቆሮ አነጣጠርኩ። ሞተሩ ድንገት ጠፋ። ቀና ስል እትዬ በሹፌሩ በር ጎንበስ ብለው ቁልፉን ነቅለዋል። ቀሚሳቸው ኪስ ውስጥ ከተቱት።

«ይስጡኝ!»

«መጀመሪያ የያዝሽውን አንብቢልኝ። የፈረንጁን ፊደል እኔ አልችልም፤ አንቺ ተምረሻል አሉ።»

መንገደኛው መቆም ጀመረ። አንዱ ወያላ ከታክሲው በር ላይ ሆኖ «ሲስተር፣ ፈተና ላይ ነሽ እንዴ?» ብሎ ተሳለቀብኝ። ቆርቆሮውን አዙሬ ጉንዳን የሚያካክሉትን ፊደላት አነበብኩ። ሱፐርቻርጀር ባለው መኪና፣ ከነፊው በፊት አይረጭም ይላል። ድምፄ እየወረደ ሄደ።

«አየሽ» አሉ እትዬ። «ነፊው ውስጥ ሁለት የሚዞሩ ብረቶች አሉ፤ በመካከላቸው ፀጉር አያስገቡም። ላያቸው የተቀባ ነው። ይሄ መድኃኒት ቅቡን ይልጠዋል፣ የሚዞሩበትን ኩሽኔታ ቅባት፣ ግራሶውን፣ ያጥበዋል። ከዚያ ብረት ብረትን ይበላል። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ መካኒክ ሳለ የሰው መኪና እንዲህ ገድሎ ስንት ጊዜ አንገቱን ደፍቶ ቤት ገብቷል።»

«ታዲያ ምን ላድርግ? ሰርጉ እሁድ ነው!» አልኩና አባቴ ያለውን ነገርኳቸው። እኔ ደግሞ ሰው ፊት አላለቅስም፤ ስለዚህ ተሳደብኩ፤ መኪናዋን ነው የሰደብኩት።

«ቆሻሻ መሆኑን ማን ነገረሽ?» አሉኝ፤ እጅጌያቸውን ሰብስበው እጃቸውን ከነፊው ወደ ሞተሩ በሚሄደው የጎማ ቱቦ ሥር ሰደዱ። ጣታቸው በስንጥቅ ውስጥ ገባ። አየሩ የሚያመልጠው በዚያ ነበር። ከመደርደሪያቸው ትክክለኛውን ቱቦ እስኪያገኙ ሦስት ካርቶን ገለበጡ፤ እኔ በእሳቸው መፍቻ ገጠምኩት። እሳቸው በቁልፉ ሲያስነሱት ሞተሩ ሳይንቀጠቀጥ ዞረ። ወያላው እንኳ አጨበጨበ።

ከዚያ «ማጽዳት ካማረሽ» ብለው ነዳጅ ላይ የሚጨመር ማጽጃ ሰጡኝ፤ ሱፐርቻርጀር ላለው ሞተር እንደሚሆን የተጻፈበት። ያንንም አስነበቡኝ። «አንድ ጠርሙስ ለሙሉ ነዳጅ። ሁለት ካደረግሽ ሁለት ጊዜ አይጸዳም። ሞተሩን አጥፍተሽ ጨምሪ፣ ዓይንሽን ጠብቂ፣ ከሌላ ጋር አትደባልቂ። እሱንም ቢሆን ከሰርጉ በኋላ! በሰርግ ሰሞን ቆሻሻ አይቀሰቀስም።» ቁልፉን ነቅለው ሲመልሱልኝ ጉንጬን ቆነጠጡኝ። ያማል።

ቤት ስደርስ አባቴ በረንዳው ላይ ተነስቶ ቆሞ ነበር። «ማን ነካት?» አለ። ሁሉንም ነገርኩት፤ ቆርቆሮውንም አልደበቅኩም። «እኚያን ሴትዮ አመስግነሻቸዋል?» ብሎ ጠየቀኝ። አላመሰገንኩም ነበር። ቁልፉን ተቀብዬ ነው የበረርኩት።

እሁድ ዕለት አባቴ በሙሉ ልብስ ከፊት ተቀመጠ፣ እህቴ ከነቬሏ ከኋላ። ምኒልክ አደባባይ ስንደርስ እትዬ ነጠላቸውን አጣፍተው ከጊዮርጊስ ሲመለሱ አየኋቸው። አቆምኩ። ከኋላችን ያለው አጀብ ሁሉ ጥሩምባውን አቀለጠው።

«እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ያን ቀን ሳልልዎት ሄድኩ።»

«ሙሽራ አስቀምጠሽ መንገድ ትዘጊያለሽ? ሂጂ፣ አለዚያ ቁልፉን አሁንም እወስደዋለሁ!»

አባቴ ድምፃቸውን ወደሰማበት በመስኮት እጁን ዘረጋ። እትዬ እጁን በሁለት እጃቸው ያዙት። መኪናዋ ከሥራችን ሳትንቀጠቀጥ ቆማለች፣ ጥሩምባው ይጮሃል፣ እኔም ሰላምታቸውን እስኪጨርሱ ጠበቅኩ።