የቅዳሜው ፉጨት

ባለፈው ሳምንት ጦር ኃይሎች ታክሲ ስጠብቅ ዝናብ ያዘኝና አንድ ጫማ ቤት በረንዳ ላይ ተጠለልኩ። መስታወቱ ውስጥ ነጭ የሸራ ጫማ ተደርድሯል፤ የልጅ ቁጥር፣ ማሰሪያው ገና ያልተፈታ። የአዲስ ጎማ ሽታ ከእርጥብ አስፋልት ሽታ ጋር ተቀላቅሎ መጣብኝ። አንተ ኮልፌ ስላላደግክ ከመጀመሪያው ልንገርህ።

እኛ ሰፈር አንድ ነባር ነበሩ። ነባር የምንለው ያው የማይሞቱትን ነው። አስኮ ባልና ሚስት አሉ ይባል ነበር፤ ዘነበወርቅም አንድ። የእኛዋ ግን ከግቢያችን ጋር በቆርቆሮ አጥር የሚዋሰኑት እትዬ ነበሩ። ሽማግሌውም ሕፃኑም እትዬ ነው የሚላቸው፤ ከሁሉም ይበልጡ ነበራ! አያቴ በልጅነቷ ያየችውን ፊት ነው እኔም ያየሁት፤ የአርባ ዓመት ሴት የሚመስሉ፣ ፍንጭት፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ። የጋለ ድስት ያለ ጨርቅ ያወርዳሉ። ጓሯቸው ያለው ሎሚ ክረምት ከበጋ ያፈራል። ደመና መግፋት፣ የታመመ ማስነሳት ይችላሉ። ከዚያ ውጪ እንደማንኛውም ሰው እድር ይከፍላሉ፣ ቀብር ይሄዳሉ። አምላክ ቢጤ ናቸው ሲባል ከሰሙ ግን ይቆጡ ነበር። «እኔም እንደናንተው ፍጡር ነኝ፤ መውጫውን ብቻ ነው ያላሳዩኝ» ይሉ ነበር።

እሳቸውን መለመን ነውር ነው። ነባር በአፍ የለመኑትን እምቢ ማለት አይችልም፤ እሺ ባለ ቁጥር ደግሞ ከሚያውቃቸው ሙታን አንዱን ይረሳል። የትኛውን እንደሚረሳ አይመርጥም፤ የረሳውንም ሰው መልሰው ቢነግሩት አይያዝለትም። የሰፈራችን ሙታን ደግሞ ያሉት እትዬ ዘንድ ነበር። የሟቹን ሳቅ፣ ሳሉን፣ ሚስቱን ሲጠራ የሚያወጣውን ድምፅ ልክ እንደሱ አድርገው ያሰሙሃል። ስለዚህ እሳቸው ቤት «ይስጡኝ»፣ «ያድርጉልኝ» አይባልም። ውሃ የጠማው እንግዳ እንኳ ቤቱ ሄዶ ጠጥቶ ይመለሳል። ፊደል ሳልቆጥር በፊት እናቴ ያስተማረችኝ ይህንን ነው።

ፌርማታው ጋ የሚሠሩ አንድ ልብስ ሰፊ ነበሩ። አንድ ልጃቸው፣ ሚኒባስ ሹፌር፣ ታሞ ሞቶባቸዋል። ልጁ በሕይወት ሳለ ፌርማታው ጋ ሲደርስ በመስኮት ያፏጭላቸው ነበር አሉ፤ ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም፣ መጨረሻው ላይ ወደ ላይ ቀና የሚል። ያኔ አባትየው ምሳ ያቀርባሉ። ልጁ ከሞተ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት የስፌት መኪናቸውን ሸፍነው፣ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ እትዬ ደጃፍ ይመጡና ዱካው፣ ያው በርጩማው ላይ ይቀመጣሉ።

«ዛሬ ቅዳሜ ነው» ይላሉ። በቃ፣ አይለምኑም።

«አዎ፣ ቅዳሜ ነው» ይሉና እትዬ ያፏጫሉ። እኔ በአጥሩ ማዶ ካልሲ እያጠብኩ እሰማለሁ። ልብስ ሰፊው አንዳንዴ ይስቃሉ፤ አንዳንዴ በሜትራቸው ጫፍ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። ከዚያ አመስግነው ይሄዳሉ፤ ሳምንቱንም የሚኖሩት በዚያች ፉጨት ነበር።

አሥራ ሁለት ዓመቴ ላይ ከክፍሌ አንደኛ ወጣሁ። ሰኔ ሠላሳ ወላጅ ሁሉ በተሰበሰበበት ልሸለም ነው። አባቴ ነጭ የሸራ ጫማ ገዛልኝ፤ ሌሊቱን ራስጌዬ አድርጌው፣ የጎማውን ሽታ እየማግሁ ነው የተኛሁት። ጠዋት ስነቃ ዝናቡ ጣራውን ይደበድበዋል። የኮልፌን ጭቃ ታውቀው የለ? ነጭ ጫማ አይደለም ሰውም ይውጣል።

«በላስቲክ ጫማሽ ሂጂ» አለች እናቴ። «ሽልማቱን የምትቀበዪው በእግርሽ ነው እንዴ?»

አኮረፍኩ። ሁለተኛ የወጣችው ልጅ አባቷ በመኪና ነው የሚያደርሷት። በላስቲክ ጫማ መድረክ ስወጣ እየሳቀች ታየኝ። አይ ልጅነት! ጫማዬን በደረቴ አቅፌ ወደ አጥሩ ቀዳዳ ሄድኩ። እትዬ በረንዳቸው ላይ ምስር ይለቅማሉ።

«እትዬ፣ ዝናቡን ያቁሙልኝ» አልኩ።

ቀና ብለው ጫማውንም እኔንም አዩ። አልተቆጡም። እንዲያውም ብትተዪው የሚል ዓይን ነበር፤ ገብቶኛል፣ አልገባኝም ብዬ አልዋሽህም።

«እባክዎ» አልኩ።

መዳፋቸውን ምስሩ ላይ አሳረፉ። ዝናቡ ቧንቧ እንደተዘጋ ቀጥ አለ።

አስኮ ይዘንባል፣ ጦር ኃይሎች ይዘንባል፤ ከእኛ በር እስከ ትምህርት ቤቱ ግን ጠብታ የለም፣ መንገዱም ደርቋል። ሰፈሩ ወዲያው ገባው። ሴቶቹ በየበራቸው ወጥተው «ኧረ ማነው ይሄን ጉድ ያመጣው?» ሲሉ እኔ በመሃላቸው በነጭ ጫማዬ አለፍኩ። ደብተርና መዝገበ ቃላት ተሸለምኩ፤ ተጨበጨበልኝ። ልብስ ሰፊውም ከሱቃቸው ብቅ ብለው «ጎበዝ! ኮራንብሽ!» ብለውኝ ነበር።

ቅዳሜ መጣ። እንደ ልማዳቸው መጥተው ዱካው ላይ ተቀመጡ።

«ዛሬ ቅዳሜ ነው።»

«አዎ፣ ቅዳሜ ነው» አሉ እትዬ። አላፏጩም። በጣም በትህትና፣ «ሰው ቀጥረው ነው?» አሏቸው።

«ልጄን... ያው ልጄን ነዋ።»

«ልጅ ነበረዎት እንዴ?»

እጄ ሳፋው ውስጥ እንዳለ ደረቅሁ። ልብስ ሰፊው ሲነሱ ዱካው ወደቀ፤ መልሰው አቆሙት፤ ደህና ይዋሉ ብለው ወጡ።

ክረምቱ ሲያልቅ እናቴ ዩኒፎርም ልታሰፋልኝ ወሰደችኝ። ልብስ ሰፊው ትከሻዬን እየለኩ ለእናቴ ሲያወሩ እሰማለሁ። «ለትልቅ ነገር ቢሆን ነው። እዚህ ሰፈር አንዷ እናት ልጇ ታሞባት ይሆናል። እትዬን ለምና ድኖላት ይሆናል። ይዳንላት፤ የኔው ልጅ ለሰው ልጅ ሆነ ማለት ነው፣ ምን እላለሁ?»

ሜትሩ ትከሻዬ ላይ ነበር። ለነጭ ጫማ ነው፤ እኔ ነኝ፤ ይቅር ይበሉኝ ማለት ነበረብኝ። አላልኩም።

ይብስ የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። ፉጨቱን አውቀው ነበር! ስንት ቅዳሜ ሰምቼዋለሁ፤ ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም፣ ከዚያ ቀና። ሱቃቸው በር ላይ ቆሜ ባፏጭ ልጃቸውን እመልስላቸው ነበር። ሴት ልጅ አታፏጭም ይባላል፤ ለራሴ የሰጠሁት ምክንያት እሱ ነበር። እውነቱ ግን ከየት አመጣሽው ብለው እንዳይጠይቁኝ ፈርቼ ነው። ለስምንት ዓመት በዚያ ፌርማታ ጠዋት ማታ አለፍኩ፤ «ደህና አደሩ ጋሼ» እያልኩ። ከዚያ ሞቱ። ቀብራቸው ላይ ከሁሉም በላይ ያለቀስኩት እኔ ነኝ፤ ሰዉ ደግ ልጅ ናት አለኝ።

ባለፈው ሳምንት ታዲያ ከጫማ ቤቱ በረንዳ ተነስቼ ቀጥታ እትዬ ጋ ሄድኩ። የእኛ ቤት ፎቅ ሆኗል፤ የእሳቸው ሎሚ ግን ያው ነው፣ እሳቸውም ያው። የኔ ፀጉር ነው የሸበተው። ቁጭ ብዬ ሁሉንም ነገርኳቸው።

«አንቺ እንደሆንሽማ አውቃለሁ» አሉ። «የረሳሁት የሞተውን እንጂ አንቺን አይደለም።»

«ታዲያ ምነው ለጋሼ ሳይነግሯቸው ቀሩ?»

«ካንቺ አፍ ይምጣ ብዬ ነዋ። ልጅ ናት፣ ስትበረታ ትነግራቸዋለች ብዬ ጠበቅሁ።» የሎሚውን ቅጠል በጣታቸው ጨመቁ። «ለእኔ ትንሽ ጊዜ ነበር የጠበቅሁት። እናንተ ቶሎ እንደምትሞቱ ይጠፋብኛል።»

ፉጨቱን አፏጨሁላቸው። የመጀመሪያው ተበላሸ፤ ደገምኩት። እትዬ ጆሯቸውን አዘንብለው ሰሙና ልክ እንደ ድሮው፣ መጨረሻውን ቀና አድርገው መለሱት። ዱካው ባዶውን ደጃፉ ላይ ነበር።

«ደስ ይላል» አሉኝ። «የማን ነው?»

«የልብስ ሰፊው ልጅ።»

«ልጅ ነበራቸው እንዴ?»

«ነበራቸው» አልኩ። ስለ ልጃቸው ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ፤ ከፉጨቱ በቀር ግን ምንም አላውቅም፤ ስሙን እንኳ ጋሼን ጠይቄያቸው አላውቅም።