በጥርስ የሚሰማ ጩኸት

የጭነት መኪናዬን እየነዳሁ ከመተማ ወደ ገንዳ ውሃ ስወጣ፣ ሜዳው ላይ ነበር መጀመሪያ የሰማሁት። ከኋላ፣ ከወለሉ ሥር የሚመጣ ቀጭን ጩኸት። ነዳጅ ስሰጣት ትጮሃለች፣ እግሬን ሳነሳ ዝም ትላለች። ጎማ ይሆናል ብዬ ወርጄ አንድ በአንድ ደበደብሁት፤ ደህና ነው። ድንጋይ ተሰንቅሮ ይሆናል ብዬ ሥሯ ገባሁ፤ ምንም የለም። እንደገና ስነሳ እንደገና ጮኸች። ዞር ብዬ «ሰማህ?» ልል ነበር። ለማን? ረዳቴ ድንበሩን ተሻግሮ ሱዳን ከገባ ሰንብቷል፤ በእሱ ቦታ የተተካ ሰውም የለም።

ዘመኑ የደርግ ነው። እኔ የመንግሥት እርሻ ሾፌር ነበርሁ፤ ሰሊጥና ጥጥ ከቆላው ወደ ጎንደር አወጣለሁ። ረዳት ማለት ጎማ የሚያወርድና ዳገት ላይ ከጎማ ሥር ታኮ የሚወትፍ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እንቅልፍ ሲጥልህ የሚያወራህ፣ ስትናደድ የምትሰድበው ሰው ነው። የእኔው ሲሄድ የምሰድበው አጣሁ። ይባስ ብሎ ሰዉ ይሸሸኝ ጀመር። ረዳቱ የከዳ ሾፌር ነገ እሱም መክዳቱ አይቀርም፤ ከእሱ ጋር ምን ስታወራ ነበር ተብሎ መጠየቅ ይመጣል። ምግብ ቤት ስገባ ጠረጴዛው ይለቀቅልኛል፤ ክብር እንዳይመስላችሁ። ብቻዬን በልቼ ጋቢናዬ ውስጥ እተኛለሁ።

ጩኸቱ የዲፈረንሻል እንደሆነ ለማወቅ ብዙ አልፈጀብኝም። ዲፈረንሻል በኋላ ጎማዎቹ መካከል ያለው ድብልብል ብረት ነው፤ የሞተሩን ጉልበት ተቀብሎ ለሁለቱ ወገን ያካፍላል። ውስጡ ሁለት ጥርሳም ብረቶች አሉ፤ ትንሹ ትልቁን እየነከሰ ያዞረዋል። ጎማው የሚሽከረከርበት ኩሺኔታ ቢሆን ኖሮ እግሬን ባነሳም ባላነሳም ይጮህ ነበር፤ መታጠፊያ ላይም ይለይለት ነበር። ይህ ግን የሚጮኸው መኪናዋ ስትስብ ብቻ ነው። ጥርስ ጥርስን እየበላ ነው ማለት ነው። በአይከል ዳገት ላይ ያ ጥርስ ቢረግፍ ሞተሩ ቢያጓራ ጎማው አይዞርም፤ ያረጀ ፍሬኗ ደግሞ ያን ሁሉ ጭነት አይይዝም። ከጆንያው በላይ የሚሳፈሩት ደግሞ አጨዳ ጨርሰው ወደ አገራቸው የሚመለሱ የጎጃምና የወሎ ሰዎች ናቸው።

በዚያው ጉዞ ጎንደር እንደገባሁ ለመሥሪያ ቤታችን ጋራዥ አመለከትሁ። መኪናዋ ግቢ አደረች። ጠዋት በብርዱ አስነስተው ግቢውን አዞሯት። ጭጭ! እኔም አብሬ ተቀምጬ ነበር፤ ትንፍሽ አላለችም። መካኒኮቹ ሳቁብኝ። አንዱማ፣ ብቻህን ስትነዳ ነው ጆሮህ የሚጮኸው፣ ሚስት አግባና እውነተኛውን ጩኸት ስማ አለኝ። ልሰድበው ቃጣኝ። ግን እውነቱን ነው፤ አልጮኸችም። እውነት ለመናገር የራሴን ጆሮ መጠራጠር ጀመርሁ፤ ከሁሉ የከፋው እሱ ነበር።

ቆላ ስንወርድ ባሰባት። የየካቲት ፀሐይ መሬቱን እያነደደ፣ እሷ ከሥር እያላዘነች መተማ ደረስን። በማግሥቱ ሰሊጥ ጫን ስባል አልጭንም አልሁ።

የእርሻው ካድሬ አስጠራኝ። ወጣት ነው፤ ከደጋ ከመጣ ገና ዓመት አልሞላውም። አልጮኸብኝም፣ ጨዋ ነበር። ጎንደር ጤነኛ ናት ያላት መኪና መተማ ስትደርስ ትታመማለች፤ ከረዳትህ ጋር ተቀጣጥረህ ድንበር አጠገብ መቆያ ፈልገህ እንደሆነስ ብሎ ጠየቀኝ። መልሴን ሳይጠብቅ፣ ነገ ጠዋት ትጭናለህ፣ ካልጫንህ አሻጥር ነው አለኝ። አሻጥር የምትለዋ ቃል በዚያ ጊዜ ሰው ትበላ ነበር። ብጭን ሰው ይዤ ገደል ልገባ ነው፤ ባልጭን እስር ቤት ልገባ ነው።

መኪናዋን በገበያው ዳር ካለው ወፍጮ ቤት አጠገብ አቁሜ፣ ጥላዋ ሥር ቁጭ አልሁ። የወፍጮው ባለቤት የከተማው ነጋዴ፣ ሽማግሌ ሐጂ ናቸው። የወፍጮው ድምፅ ጆሯቸውን በልቶታል፤ ሰው ሁሉ እየጮኸ ነው የሚያናግራቸው። ከሰላምታ በቀር አውርተን አናውቅም። የዚያን ዕለት ግን ሁለት ብርጭቆ ከርከዴ፣ ያን ቀይ የሱዳኖች የአበባ ሻይ፣ ይዘው መጡና አጠገቤ ተቀመጡ። ከረዳቴ ወዲህ ከእኔ ጋር የጠጣ ሰው አልነበረም። ምን ሆነሃል አሉኝ። ነገሩን እየጮህሁ ነገርኋቸው፤ ገበያው ሁሉ ሰማኝ፤ ይስማ፣ ምን ቀረኝና።

አዳምጠውኝ ሲያበቁ ተነስተው ከወፍጮው ሽመላቸውን አመጡ። የወፍጮው ኩሺኔታ ሲታመም የሚያውቁት በሱ ነው፤ አንዱን ጫፍ ብረቱ ላይ ያደርጋሉ፣ ሌላውን በጥርሳቸው ይነክሳሉ። ጆሮ ቢሞት አጥንት ይሰማል አሉኝ። የኋላ ጎማዎቿን በክሪክ አንስተን ከሥር ግንድ ደገፍን፣ የፊቶቹን በታኮ ያዝን። ይህ የሁለት ሰው ሥራ ነው፤ አንዱ ነዳጅ ይሰጣል፣ አንዱ ይነክሳል። እሳቸው መንዳት አያውቁም፤ ስለዚህ እኔ ጋቢና ገባሁ። ማርሽ አስገብቼ ነዳጅ ሰጠሁ፣ ለቀቅሁ፣ እንደገና ሰጠሁ።

ስወርድ ሽመሉን ከአፋቸው አውጥተው ጠበቁኝ።

«እኔም ሰምቻታለሁ፣ ያ ዞል» አሉኝ፣ ሱዳኖች ወዳጃቸውን እንደሚጠሩት። «እያለቀሰች ነው።»

ወላሂ አላፍርም፣ እንባዬ መጣ። ፊቴን ወደ ጎማው አዙሬ ቡሎን የማጠብቅ መሰልሁ።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና የዲፈረንሻሉን ታፖ፣ የዘይት ማፍሰሻ ክዳኑን፣ ላላ አድርጌ ትንሽ በጣሳ ቀዳሁ። የሚወርደው ወፍራም ጥቁር ዘይት መሆን ነበረበት። እንደ ውሃ ተንቆረቆረ። ገና ሳልዘጋው የገበያው ውሾች አፍንጫቸውን እየነፉ ከበቡን። አሸተትሁት፤ የበሬ ሞራ ነው! ወይ ጉድ! በዚያ የእጥረት ዘመን ዘይት ሲጠፋ ሞራ አቅልጠው የሚሞሉ እንዳሉ እሰማ ነበር። ያኔ ሁሉም ነገር ገባኝ። በጎንደር ብርድ ሲያድር ሞራው ረግቶ ጥርሶቹን ይለብሳል፤ ጩኸቱን ያፍነዋል። ቆላ ሲወርድ ይቀልጣል፤ ብረቱ ራቁቱን ይቀራል። መካኒኮቹም አልዋሹም፣ እኔም አላበድሁም።

ጣሳውን ይዤ ወደ ካድሬው ሮጥሁ። ሞኝ ነኝ። ጣሳውን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ «ይህን ማን እንደሞላው በምን ላውቅ እችላለሁ?» አለኝ። ንጽሕናዬን ያሳይልኛል ያልሁት ነገር ማሰሪያዬ ሊሆን ነው።

ሐጂ ከኋላዬ ተከትለውኝ ኖሯል። እሳቸውም ቢሆኑ በኮንትሮባንድ በክፉ ዓይን የሚታዩ ነጋዴ ናቸው፤ ለእኔ ብለው እዚያ ቢሮ መግባት አልነበረባቸውም። ገቡ። ሽመላቸውን ተደግፈው ቆሙና፣

«ልጄ፣ ድንበሩ እዚህ ነው፤ በእግር ይኬዳል» አሉት። «ሊሄድ የሚፈልግ ሰው መኪና አያስጠግንም።»

ካድሬው ተነስቶ ተከተለን። እኔ ጋቢናዬ ውስጥ ገብቼ ነዳጁን ረገጥሁ። በኑሮዬ ላይ ከኋላዬ እየተፈረደ እኔ የማየው በጎን መስታወቱ ብቻ ነው። ካድሬው ጎንበስ ብሎ፣ አሮጌ ሽመል ነክሶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ። ሐጂ ትከሻውን ይዘውታል። ሌላ ጊዜ ቢሆን በሳቅ እሞት ነበር። አንድ ጊዜ ሰጠሁ፣ ለቀቅሁ፤ ሰጠሁ፣ ለቀቅሁ። ዓይኑን ገለጠ። ሽመሉን አወጣ፣ ምራቁን እንትፍ አለ። ወደ እኔ መጥቶ ጭነቱ ወደ ሌላ መኪና ይዛወር አለኝ። ኋላ የጎንደር ጋራዥ ሰዎች ሲጠየቁ፣ በክረምት ዘይት ጠፍቶ ሞራ የሞሉት እነሱ መሆናቸውን ሳይከራከሩ አመኑ። ሲከፈት የትንሹ ብረት ጥርሶች ግማሾቹ ተሸራርፈው ነበር።

መኪናዋ ድና ወደ ቆላ የወረድሁት ክረምቱ ካለፈ በኋላ፣ ሰሊጡ ሲታጨድ ነው። ለሐጂ ከጎንደር ጥሩ ሻይ ቅጠል ይዤ ነበር። ወፍጮ ቤቱ ተቆልፏል። ከጎን ያለችው ባለሱቅ ሐጂ በክረምቱ ሱዳን፣ ወደ ገዳሪፍ ተሻገሩ አለችኝ፤ ለምን ብዬ አልጠየቅሁም፣ እሷም አልነገረችኝም። ብቻ ወደ ጓዳ ገብታ ሽመሉን አመጣችልኝ፤ ለዚያ ሾፌር ስጪው ብለው ኖሯል።

ጫፉ ላይ የጥርስ ምልክት አለ፤ የሐጂና የካድሬው። የእኔ የለም። እኔ ሁልጊዜ ፔዳሉ ላይ ነበርሁ፤ እነሱ የሰሙትን በአጥንቴ አልሰማሁትም።

ያን ዕለት ከከተማው ወጣ ብዬ መኪናዋን አቆምሁ። የኋላ ጎማዎቿን አነሳሁ፣ ግንድ ደገፍሁ፣ ሞተሩን አስነሳሁ። ምንም የምትለው ነገር እንደሌላት አውቃለሁ፤ መስማት ብቻ አማረኝ። ሽመሉን ብረቱ ላይ አስደግፌ ነከስሁ። ከዚያ ጋቢናውን ቀና ብዬ አየሁ። ነዳጅ የሚሰጥልኝ ሰው አልነበረም።