ከባሕር ጠረፍ የመጣ ውሃ

አዳማ ላይ፣ የወንጂ ሚኒባሶች በሚሞሉበት ጥግ፣ በጋሪ ኮኮናት የሚሸጡ አንድ አዛውንት አሉ። ወንጂ የምታስተምረው ዙሀራ ታክሲው እስኪሞላ ዓይኗ እሳቸው ላይ ነው። አንገታቸው አይዞርም፤ ሰው ከጎን ከጠራቸው መላ ሰውነታቸውን እንደ ከባድ በር ያዞራሉ።

«ለኩላሊት! ለደም ግፊት! ለአጥንት! ከባሕር ጠረፍ የመጣ፣ ጉድጓድ ያላየ ውሃ!»

እንዲህ ሲጮኹ አፋቸውን በመዳፋቸው ይከልላሉ። ጥርሳቸው እንደ ዛገ ቆርቆሮ ቡናማ ነው። ጥርሳቸውን ያቀለመው፣ ኋላም አጥንታቸውን ያደረቀው፣ ከልጅነታቸው ጀምሮ የጠጡት ፍሎራይድ የበዛበት የስምጥ ሸለቆው የጉድጓድ ውሃ ነው።

ኮኮናቱን በመዶሻ ሰንጥቀው ውሃውን በብርጭቆ ይቀዳሉ፤ ነጩን ሥጋ ቆራርጠው ሳህን ላይ ይደረድራሉ። ከሁሉም ትልቁን ግን ገና በጠዋቱ በኮታቸው ጠቅልለው ከጋሪው ሥር ይደብቁታል።

ዛሬ ዙሀራ እሱን አየችው። «አባባ፣ ያንን ይሽጡልኝ።»

«እሱ ወንጂ አብራኝ የምትኖረው የልጅ ልጄ ድርሻ ነው። ስድስት ዓመቷ ነው፤ የወተት ጥርሷ መነቃነቅ ጀምሯል። አዲሱ እንደኔ እንዳይሆንባት ብዬ በየቀኑ አንድ እወስድላታለሁ።»

ዙሀራ ደስ አላት። «ታዲያ የጉድጓዱን አትጠጣም ማለት ነዋ?»

አዛውንቱ ቀስ ብለው መላ ሰውነታቸውን ወደ እሷ አዞሩ። አፋቸውን መከለሉን ረሱት።

«አንዱ ኮኮናት እኮ አንድ ብርጭቆ እንኳ አይሞላም፣ ልጄ። የወንጂን ሙቀት ደግሞ ታውቂዋለሽ። ትጠማለች።»