የአናርኪስቶች ሙግት በጣና ዓሣ ማራገፊያ

ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት፣ ባሕር ዳር። በሐይቁ ዳር ያለ አንድ የዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር በድርሻ አከፋፈል ላይ ለመነጋገር ተሰበሰበ። ለእኔ የሬዲዮ ዘጋቢነት የመጀመሪያ ቀኔ ነበር። መቅረጸ ድምፁን ጭኔ ላይ አድርጌ ዓሣ ማራገፊያው ውስጥ ከተገለበጠ ሣጥን ላይ ተቀመጥሁ።

የቀረበው የውሳኔ ሐሳብ አጭር ነው። ከእንግዲህ የእያንዳንዱ አባል ድርሻም ሆነ ድምፅ ሐይቅ ላይ በዋለበት ሰዓት ይለካል። ሰዓቱን የሚለካው ቋሚ ሥራ አስኪያጅ ይሆናል። መረብ የሚጠግኑትና ዓሣ የሚያጸዱት ሴት አባላት ሐይቅ አይገቡም። ሐሳቡ ከጸደቀ በማኅበሩ ውስጥ ድርሻም ድምፅም አይኖራቸውም።

አቅራቢው ሊቀ መንበሩ አቶ ደሴ ናቸው። «የዋጋ ምንጭ ጉልበት ነው፤ ጉልበት ደግሞ በሰዓት ይለካል። ከራሴ አላመጣሁትም፤ እዚህ የተቀመጡት መምህር ናቸው ያስተማሩን» አሉ። ሰው ሳቀ።

መምህር ይስማው በደርግ ጊዜ በውይይት ክበብ የማርክሲስት ኢኮኖሚክስ ያስተምሩ ነበር። ጡረታ ከወጡ በኋላ አናርኪስት የሚባሉትን ፈላስፎች ማንበብ ጀምረዋል። ማኅበሩ የጠራቸው ለምክር ነው።

«አስተምሬአለሁ፤ አልክድም» አሉ። «አሁን የማነባቸው አናርኪስቶች ግን ገና ከጥንት ማርክሲስቶቹን ሞግተዋል። አንድ ነገር የስንት ሰው እጅ ውጤት እንደሆነ ማን ለይቶ ይለካል ይላሉ። ይህ ቆሮሶ ዓሣ የቀዛፊው ነው? የመረብ ጠጋኟ ነው? ታንኳ አሠራር አስተምሯችሁ የሞተው ሰውስ?»

«ታዲያ ሰነፉም እኩል ይብላ?» አሉ አቶ ደሴ።

«ሰነፉን እናንተው ታውቁታላችሁ፤ ተነጋገሩበት። እነሱ የሚፈሩት የሚለካውን ሰው ነው። ማርክሲስቶች መንግሥት በሠራተኛው ስም ሁሉን ይያዝ፣ ኋላ በራሱ ጊዜ ይከስማል ይላሉ። አናርኪስቶቹ ደግሞ ሥልጣን የያዘ ሠራተኛ ከዚያ ቀን ጀምሮ ገዥ እንጂ ሠራተኛ አይደለም፣ ገዥም በፈቃዱ አይከስምም ብለው መለሱ።»

«እንዴ፣ መምህር! ያኔ ይህን ብናገር ያሳስሩኝ ነበር እኮ!» አሉ አቶ ደሴ።

«አሳስርህ ነበር» አሉ መምህር ይስማው።

ከመረብ ጠጋኞቹ አንዷ፣ ጥሩወርቅ፣ ተነሣች። «ጋሽ ደሴ፣ በተቀደደ መረብ ስንት ሰዓት ቢውሉ ነው ዓሣ የሚይዙት?»

«አንቺ ደግሞ፣ ምላስሽ መቼም አይቀደድም!» አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ዓሣ የሚገዛን ነጋዴ አንድ በአንድ እየነጠለ በዋጋ ይጫወትብናል። ስለ ሁላችን ሆኖ የሚነጋገር ሰው ያስፈልገናል። እኔ የምለው ይህን ነው።»

ነገሩ ሐቅ ስለነበረ በዚያው ቀን አልተወሰነም። ድምፅ መስጠቱ ለማግሥቱ፣ ለእሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ተቀጠረ።

ቢሮ ተመልሼ ዜናውን ጻፍሁ። ዋና አዘጋጁ አነበቡትና «አናርኪስት የሚለውን አውጣው። በዚህ አገር ሰው የታሰረበት ስም ነው። ሁከት የምንጠራ ይመስላል» አሉኝ።

«ተናጋሪው ያሉት ይህንኑ ነው። ማብራሪያ አስከትልበታለሁ» አልሁ።

እንዲህ ብዬ ጨመርሁ፦ አናርኪስቶች ሰዎች ከላይ የሚያዝ መንግሥት ሳይኖር በስምምነት ተደራጅተው ራሳቸውን ማስተዳደር ይችላሉ ብለው የሚያምኑ ናቸው። አዘጋጁ ሁለት ጊዜ አነበቡት። «ይሁን። ነገ ውጤቱን ሳትይዝ እንዳትመጣ» አሉ።

ከዚያ ወዲህ በየአዳራሹ ስለ ኢኮኖሚና ስለ መንግሥት የተደረገ ብዙ ክርክር ዘግቤአለሁ። ቃላቱ ሲከብዱብኝ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፤ ሐሳቡ ቢጸድቅ ማን ምን ያጣል? መልሱን ሳላገኝ ዜና አልጽፍም። አዲስ የሚመጡ ዘጋቢዎችም እንዲሁ ቢያደርጉ ይሻላቸዋል።

በዚያ እሑድ እጅ ተቆጠረ። በሰዓት መለካቱ ወደቀ። ሥራ አስኪያጅ ይኑር የሚለው ጸደቀ፤ ሆኖም ቋሚ መሆኑ ቀርቶ ሐይቅ የሚገቡትም የማይገቡትም አባላት በየወሩ በዕጣ እንዲተካኩበት ተወሰነ። አቶ ደሴ በዙር መሆኑን ተቃወሙ፤ ውጤቱን ያነበቡትም እሳቸው ናቸው።

ሰኞ ጠዋት ማራገፊያው ላይ ዕጣው ሲወጣ ቆሜ አየሁ። የመጀመሪያው ወር ለአቶ ደሴ፣ ሁለተኛው ለጥሩወርቅ ደረሰ።