አረንጓዴውን በር ፍለጋ፤ ከብቸና እስከ ሞጣ

ዓርብ፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል፤ ብቸና መናኸሪያ

ሰባት ሆነን እንድንሄድ ነበር የተወሰነው። የብቸና ነጋዴዎች የሞጣን የታደሰ የገበያ መንገድ አይተን እንድንመለስ፣ በስብሰባ አማርኛ «ልምድ ልውውጥ» እንድናደርግ። ዛሬ ጎሕ ሳይቀድ መናኸሪያ በር ላይ ስንቆጠር አንድ ሆንን። አንዱ ለቅሶ ወጣበት፤ ሌላው ወገቡን አመመው፤ ሦስተኛው ስልኩን አጠፋ፤ የቀሩት ሦስቱ ደግሞ «አሻግሬ ካለ እኛ ምን እናደርጋለን? እሱ ብቻውን የሰባት ሰው ያወራል» ብለው ተኝተዋል። ስለዚህ የልዑካን ቡድኑ መሪም ተመሪም እኔ ነኝ።

ለማታውቁኝ አንባቢዎች፦ አሻግሬ እኔ ነኝ፤ ብቸና መሀል ገበያ ላይ ክር፣ መርፌና ቁልፍ እሸጣለሁ። ሱቄ ከመጥበቧ የተነሳ እኔ ስገባ ክሩ ወደ ውጭ መውጣት አለበት። በሯ ቢጫ ነው፤ የእንቁላል አስኳል የመሰለ ቢጫ። የቀባችው ባለቤቴ ነበረች። «ገበሬው ስምህን አያነብም፤ ቀለምህን ነው የሚይዘው» ብላ። እሷ ካረፈች አራት ዓመት ሆናት። ሰው ግን እስከ ዛሬ «ቢጫው በር» እያለ ይመጣል፤ ከመጣ።

ባለፈው ስብሰባ የኛም መንገድ እንደ ሞጣው ይታደስ፣ በሩም ሁሉ አንድ ቀለም ይሁን ሲባል፣ ሰው ይሳቅ ብዬ ሁለቱንም እጆቼን ለድጋፍ አወጣሁ። ሳቁልኝ። ወደ ቤቴም ሳቃቸውን ይዤ ገባሁ፤ ቤቴ ውስጥ ሌላ የሚስቅ የለምና።

አሁን የምሄደው ግን ለልምዱ ብቻ አይደለም። ሞጣ ላይ ሐጂ ኑሩ የሚባሉ ጨርቅ ነጋዴ አሉ። ሱቅ ስከፍት የመጀመሪያውን ክር ያመኑኝ እሳቸው ናቸው። ረቡዕ ስደውልላቸው፣

«ከመጣህ ለቅዳሜ ገበያ ድረስ» አሉኝ። «ደንበኞቼ ጠፍተውብኛል። ይህም ቅዳሜ እንዳለፉት ካለፈ፣ ሱቁን ቆልፌ ባሕር ዳር ልጄ ዘንድ እገባለሁ።»

«ሐጂ፣ ባሕር ዳር ማን ያውቅዎታል? ጉማሬ ብቻ ነው የሚሰላምዎት!»

አልሳቁም። እኚህ ሰው በኔ ቀልድ ሳይስቁ ቀርተው አያውቁም። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው ቲኬት የቆረጥኩት።

ሁለት ሰዓት፤ በመንገድ ላይ

ሚኒባሱ ለአሥራ ሁለት ሰው ተሠርቶ ለቀበሌ ያህል ሕዝብ ይዟል። ጭኔ ላይ የማላውቀው ሰው ቅርጫት አለ፤ ቅርጫቱ ውስጥ አንድ አውራ ዶሮ። እስከ ደብረ ወርቅ ድረስ ዓይን ለዓይን ተያየን። ከአራት ዓመት ወዲህ እንዲህ ትኩር ብሎ ያየኝ ፍጡር እሱ ነው።

«መንገዱ ሰላም ነው?» አልኩት ሾፌሩን።

«እስካሁን ሰላም ነው ጋሼ። የፊቱን ስንደርስ እንጠይቀዋለን።»

ከዚያ በኋላ የጠየቀ የለም። በግራ ጮቄ ደመናውን ተከናንቦ ተኝቷል። በቀኝ የታጨደ ጤፍ፣ ክምር፣ ባሕር ዛፍ፣ ደግሞ ክምር። ታሪፉን እንዳልጽፍላችሁ፣ እናንተ እስክታነቡት ይጨምራል።

ግንደወይን ላይ ለቁርስ ወረድን። የጾም ፍርፍሩ በርበሬ ከመብዛቱ የተነሳ ከፊቴ የተቀመጠው ሰውዬ የኔን ሳህን እያየ አለቀሰ። ባለ ሻይ ቤቷ ወደ ሞጣ እንደምሄድ ስነግራት ፊቷ በራ።

«መንገዱ ውብ ሆኗል! ባለፈው ሄጄ ፎቶ ተነሳሁበት።»

«ምን ገዛሽበት?»

«ፎቶ ተነሳሁ አልኩህ እኮ!» አለችና ብርጭቆውን እያጠበች ቆየች። «ልገዛስ ሄጄ ነበር። የማውቀውን ሱቅ አጣሁት።»

ዓርብ፣ ሰባት ሰዓት፤ ሞጣ

እውነቱን ልናገር፣ ያምራል። ድሮ ጭቃው ጫማ ያስቀር የነበረው መንገድ ንጣፍ ለብሷል። የመብራት ምሰሶ አለ፣ አበባ በገንቦ አለ፣ የብረት አግዳሚ ወንበር አለ። አግዳሚዎቹ ላይ ፀሐይ ብቻ ተቀምጣለች። ግራና ቀኝ ያሉት ሱቆች በሮቻቸው ሁሉ ግራጫ፣ ታፔላቸው ሁሉ በአንድ ልክ ነጭ ላይ ጥቁር። እንደ አዲስ ምልምል ወታደር ተሰልፈዋል፤ «ቀኝ ኋላ ዙር» ብትሏቸው የሚዞሩ ይመስላሉ።

የሐጂን ሱቅ አንድ ጊዜ አለፍኩት። ተመልሼም አለፍኩት። ሃያ ዓመት ሙሉ የተመላለስኩበት ሱቅ ነው! የማውቀው ግን አረንጓዴውን በር ነበር። በሦስተኛው ዙር ታፔላ ማንበብ ጀመርኩ፤ መነጽሬን ብቸና ረስቼ አፍንጫዬን ታፔላ ላይ እየለጠፍኩ። አንድ ፀጉር አስተካካይ ብቅ ብሎ፣

«አባባ፣ ምን ጠፋብዎ?» አለኝ።

«አረንጓዴ በር።»

«እርሱ ተቀብቷል። ከዚህ ሦስተኛው ግራጫ ነው፤ ሐጂ ግን ለጁምዓ ሶላት መስጊድ ናቸው።»

አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። ብረቱ ይቀዘቅዛል። ጥቂት እንደቆየሁ አንዲት ወጣት ደብተር ይዛ መጥታ ፊቴ ቆመች። መሠረት ትባላለች፤ የመንገዱን ሥራ የምትከታተል የከተማው ባለሙያ ናት።

«ይቅርታ ጋሼ፣ ደክሞዎት ነው ወይስ ወደው ነው የተቀመጡት?»

«ለምን ጠየቅሽኝ?»

«እስካሁን ወዶ የተቀመጠ ስላላየሁ ነው።» አልሳቀችም። «ዲዛይኑ ላይ ሰው ነበር። ሕፃን የያዘች እናት፣ የሚገበያይ ሰው፣ ሁሉም ተስሎ ነበር። ሁሉንም በስታንዳርዱ ሠራን፤ ሰዎቹ ብቻ አልመጡም።»

ዲዛይኑ እንዳይጎድል ቀና ብዬ ተቀመጥኩላት።

ሐጂ ከጁምዓ ሲመለሱ ጋቢያቸውን ሳላይ አካሄዳቸውን አወቅሁ። ሱቁ ጥልቅ ነው፤ ከውጭ ሲያዩት ጨለማ፣ ከውስጥ ሲያዩ ግን መንገዱ እንደ ቴሌቪዥን ይታያል። ጣቃው ጨርቅ እስከ ጣሪያ ተደርድሯል። የብቸናውን ስብሰባና የሁለቱን እጆቼን ነገር ነገርኳቸው፤ ይስቃሉ ብዬ።

«እኔም እጄን አውጥቻለሁ» አሉ። «ያምራል ተባለ። ያምራልም። ያን ጊዜ የታየኝ በሩ ነው፤ በሩን የሚፈልገው ሰው አልታየኝም።»

ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት፤ ከሐጂ ሱቅ ውስጥ

ገበያተኛው መንገዱን ሞልቶ ወደ ገበያው ሜዳ ይወጣል። ዶሮ፣ ማር፣ በአህያ እህል፣ የተጠቀለለ ዣንጥላ። እግሩ ንጣፉ ላይ ይሄዳል፤ ዓይኑ ግን በር ከበር ይንከራተታል። ሐጂ ከባንኮኒው ጀርባ የእንጨት ሜትራቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ያያሉ። እስከ አራት ሰዓት ድረስ ወደ ውስጥ የገባው ዝንብ ብቻ ነው፤ እሱም ዋጋ ሳይጠይቅ ወጣ።

ድንገት ሐጂ ከወንበራቸው ቀና አሉ።

«አንጓች ናት።»

«ማን ናት?»

«ደንበኛዬ። እናቷም ደንበኛዬ ነበረች። የሠርጓን ቀሚስ የገዛችው ከዚህ ነው፤ የልጆቿንም።»

አንዲት ጠና ያሉ የገጠር ሴት ከመንገዱ ወዲያ ማዶ ቆመው በሮቹን በጣታቸው ይቆጥራሉ። አምስት ደረሱ፤ ተሳሳቱ፤ እንደገና ጀመሩ።

«ስምዎ እኮ ታፔላው ላይ አለ!» አልኩ።

«እሷ ፊደል አልቆጠረችም። የምታነበው በር ነው።»

«ታዲያ ይጥሯት!»

«አልጠራም።»

«ሐጂ! እየሄደች ነው!»

«አባቴ ከዚህ ወንበር ላይ ሆኖ ሰው ጠርቶ አያውቅም። የተጠራ ደንበኛ ይሉኝታ ይይዘዋል፤ ዋጋ አይከራከርም፤ ሳይወደው ገዝቶ ይሄዳል። ጠርቶ መሸጥ እጅ ጠምዝዞ መሸጥ ነው።»

«እኔ ልጥራት።»

«ሱቄ ውስጥ ነህ። አፍህ ዛሬ የኔ አፍ ነው።»

እኔን ዝም በል ማለት ዓባይን ተመለስ ማለት ነው። ግን ዝም አልኩ። ሴትዮዋ መንገዱን ተሻግረው በራችን ፊት ለፊት አለፉ፤ ሁለት እርምጃ ያህል ቀርቷቸው አለፉ። ሐጂ ሜትሩን ባንኮኒው ላይ አስተኙት። ያኔ ነው ያንን ድምፅ የሰማሁት፤ እንጨት በእንጨት ላይ ሲያርፍ። ሱቅ ሲዘጋ የሚሰማው ድምፅ ነው። ቤቴ ማታ ማታ የምሰማው እሱን ነው።

ዓይኔ መደርደሪያውን ወጣ። ከላይ ሦስተኛው ጣቃ አረንጓዴ ነው፤ የድሮው በር ወንድም።

«ሐጂ፣ ያንን አረንጓዴ ያውርዱልኝ።»

«ለምንህ?»

«ልገዛ ነዋ! ደንበኛ ነኝ።»

አወረዱልኝ። ዳሰስኩት፣ አሸተትኩት፣ ፊቴን አኮማተርኩ።

«እዚህ ጨለማ ነው። በብርሃን ልየው።»

ይህን ማንም ጨርቅ ነጋዴ አይከለክልም። ጨርቅ በፀሐይ ሳይታይ አይገዛም፤ ደንበኛ ጣቃውን ተሸክሞ እስከ በር ይሄዳል፣ ይዘረጋል፣ ያገላብጣል። እኔም ተሸክሜ ወጣሁ። ከበሩ በላይ በወጣው ብረት ላይ ወርውሬ አሳለፍኩና ጣቃውን ለቀቅሁት። እስከ መሬት ወረደ። ግራጫው በር ሙሉ በሙሉ አረንጓዴ ለበሰ። አንድ ቃል አልተነፈስኩም፤ እግዜር ምስክሬ ነው።

ወይዘሮ አንጓች ፀጉር አስተካካዩን ሊጠይቁ ቆመው ነበር። ዘወር አሉ። ዣንጥላቸውን እንደ በትር አነሱት።

«ውይ! እዚህ ነበር እንዴ!»

ገብተው ባንኮኒውን በመዳፋቸው መቱ።

«አንቱ ሐጂ! ሦስት ገበያ ፈለግሁዎ! ሞተው ሳልቀብርዎ ቀርቼ ይሆን ብዬ ከልጆቼ ጋር ተጣላሁ!»

«የሞተው በሩ ነው» አሉ ሐጂ። ሜትሩን አነሱት።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን ክርክር ብጽፈው መጽሐፍ ይወጣዋል። ሴትዮዋ አቡጀዲውን ሳሳ ብለው ነቀፉ፣ ጥለው ወጡ፣ ተመለሱ፣ «እናቴ ብትኖር ይህን ዋጋ ሰምታ ድጋሚ ትሞት ነበር» አሉ። ሐጂ ያን ሁሉ ስድብ እንደ ምርቃት ይቀበላሉ። ፊታቸው ላይ የነበረው ነገር ሲሄድ በዓይኔ አየሁት።

መሠረት ደብተሯን ይዛ በሩ ላይ ደረሰች።

«ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ጨርቅ በብርሃን እያየሁ ነው።»

«ይህን ያህል ጊዜ?»

«ዓይኔ ደካማ ነው።»

ጨርቁን አየች፤ ሴትዮዋን አየች፤ ክርክሩን ሰማች። አግዳሚው ላይ ሄዳ ተቀመጠች፤ ወዳ። ደብተሯን ገልጣ አነበበች፣ ዘጋችው።

«ስታንዳርዱ ስለ በር ቀለም ነው የሚለው» አለች። «ዓይኑ ስለደከመ ሰው ምንም አይልም።»

ከሰዓት በኋላ ፕላስቲክ ሻጩ ቀይ ሳፋ ሰቀለ። ፀጉር አስተካካዩ ሰማያዊ ፎጣ አወጣ። ሌሎቹ ፈርተው ከውስጥ ሆነው ያዩ ነበር። መንገዱ ደራ ብዬ አልዋሽም፤ ማጋነን አንድ ነገር፣ መዋሸት ሌላ ነገር ነው። ለሐጂ የመጡት አራት ሰዎች ናቸው።

«እንግዲህ ባሕር ዳር?» አልኳቸው ሲመሽ።

«አራት ሰው ተከራከረኝ እኮ» አሉ። «ለልጄ እደውልላታለሁ። ለበዓል ብቻ እመጣለሁ እላታለሁ።»

ከዚያ ከመደርደሪያው ቢጫ ጣቃ አወረዱና መለካት ጀመሩ።

«ያንተ በር ቢጫ ነበር አይደል?»

«ነው ይበሉ እንጂ፣ ነበር አይበሉ!»

«እጅህን አውጥተሃል አላልከኝም?» አሉና ቆረጡት። ዋጋ ልከራከር አፌን ስከፍት «በዚህ ላይ ክርክር የለም» ብለው ጠቀለሉልኝ።

እሑድ፣ ስምንት ሰዓት፤ ብቸና

በመልሱ ጭኔ ላይ ዶሮ የለም፤ ጥቅሉ ብቻ። ከመናኸሪያ ወደ ቤቴ ከመሄዴ በፊት ጥቅሉን ሱቅ ላስቀምጥ ብዬ በመሀል ገበያ ወረድኩ። እሑድ ስለሆነ ሁሉም ዝግ ነው። ሪፖርቴን በሆዴ እያዘጋጀሁ ነበር፤ «የተከበራችሁ ነጋዴዎች፣ ቀለሙን ተዉት» ብዬ ልጀምር ነበር። ራሴን ሳገኘው መንገዱን ጨርሼ ከዳገቱ ሥር ቆሜያለሁ።

የራሴን ሱቅ አልፌዋለሁ።

ተመለስኩ። በሩ ሁሉ ግራጫ ነው። ወገቡን ያመመው የልዑካን ቡድናችን አባል ሱቁ ደጃፍ ላይ ጣቶቹን በነዳጅ ያጥባል። ጣቶቹም ግራጫ ናቸው።

«ወገብህስ?» አልኩት።

«ስቀባ ተሻለኝ» አለ። «ትናንት በዘመቻ ጨረስነው። አንተንም አስበን ቀባንልህ።»

«ልምዱን ይዤ እስክመጣ አትጠብቁም?»

«ምን ያስጠብቃል? ቃለ ጉባኤው ላይ ከሁሉም አንድ አንድ እጅ፣ ካንተ ሁለት ተመዝግቧል።» ከልቡ ነው የተናገረው። ቀልዱን እስከ ዛሬ ያልገባው እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

አምስተኛው በር የኔ ነው፤ በቁልፌ አረጋገጥኩ። ቀለሙ ገና ይጣበቃል። ቁልፍ መግቢያው ዙሪያ ብሩሹ ያልደረሰበት ቦታ አለ፤ ጥፍር የምታህል ቢጫ። ጣቴን አሳርፌ ቆየሁ። ከዚያ ጥቅሉን ፈትቼ ቢጫውን ጨርቅ ከበሩ በላይ ሰቀልኩት። የሐጂ ልክ አይሳሳትም፤ ከላይ እስከ መሬት በልኩ ደረሰ።

ወንበሬን አወጣሁና ከጨርቁ ሥር ተቀመጥኩ። እስኪመሽ ድረስ መንገዱን ስመለከት ቆየሁ። ማንንም አልጠራሁም።