ሐሙስ አልሞተም

እማማ ገበያነሽ ሙሾ ሲያወርዱ የደረሰ ገብስ እንኳ አንገቱን ይደፋል ይባላል። የገብሱን እንጃ፤ የአባቴን ግን አይቻለሁ። አባቴ በሰው ፊት አልቅሶ የማያውቅ ደረቅ ሰው ነበር። አያቴን የቀበርን ዕለት እሳቸው አንዲት ስንኝ ጣል ቢያደርጉ፣ ጋቢውን ፊቱ ላይ ጥሎ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ።

ከቀየት ከተማ ወዲያ ባለችው በእኛ ትንሽ የደጋ ከተማ፣ ያለ እማማ ገበያነሽ ለቅሶው ለቅሶ አይባልም። ከልጃገረድነታቸው ጀምሮ የስንቱን ጀግና፣ የስንቱን ቄስ፣ የስንቷን ሙሽራ ስም በግጥም ተሸክመው ሸኝተዋል። የሚያንገበግባቸው የደም ግፊት ሞት ብቻ ነው። «ጦር የገደለውን አወድሰዋለሁ፤ ጨው የገደለውን ምን ብዬ ላወድሰው?» ይላሉ።

ያው ግፊት አብሮ አደጋቸውን እማማ ዘነበችን የጣላቸው ጊዜ፣ ቀኝ እጃቸው እንደ ተሰበረ ቅርንጫፍ ተንጠልጥሎ ቀረ። የበግ ጠጉር ፈትለው የባና ብርድ ልብስ ድር የሚያወጡበት እጅ ነው። እንዝርታቸው ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። እማማ ገበያነሽ ሊጠይቁ ቢገቡ፣ እማማ ዘነበች ከመደቡ ላይ ሆነው፣

«ምነው፣ ስንኝ ልትለኪብኝ መጣሽ?» አሏቸው።

«አርፈሽ ተኚ! ስምሽ ቤት አይመታልኝም፤ አትሞችም።»

ያነሣቸው ሐሙስ ነው። ጤና ጣቢያው በወረዳው በጀት ሐሙስ ሐሙስ አረጋውያንን ይሰበስብ ነበር። ነርሷ ጽናት ግፊታቸውን ትለካለች፤ ጨው ቀንሱ ብላ ትቆጣለች፤ ከዚያ ምርኩዛቸውን በሁለት እጅ አስይዛ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ጎን ታሠራቸዋለች። አባ አትናቴዎስ አንድ ቀን በአጥር በኩል አይተው፣ «ይሄማ የእኛው ሽብሸባ አይደል እንዴ!» አሉና መቋሚያቸውን ይዘው ገቡ። የእማማ ዘነበች እጅም እንደ በልግ ቡቃያ ቀስ ብሎ ተነሣ። መጀመሪያ ጣት፣ ቀጥሎ አንጓ፣ ቀጥሎ ክንድ። እንዝርቱ ከግድግዳ ወረደ።

ዘንድሮ በጀት ሲደለደል ሐሙስ ተሰረዘ። ጽናት ወደ ሌላ ሥራ ተመደበች። ብዙም ሳይቆይ የእማማ ዘነበች ጣቶች እንደገና ይደነዝዙ ጀመር፤ አንድ ቀን እየፈተሉ ሳለ እንዝርቱ አመለጣቸው። እማማ ገበያነሽ አነሡትና መቀነታቸው ውስጥ ሻጡት።

«ለአንቺ አላለቅስም» አሉ። «የማለቅሰው ለሐሙስ ነው።»

«በቁሙ?» እማማ ዘነበች አማተቡ። «ሟርት ነው እኮ!»

«ሟርቱን የጀመሩት እነሱ ናቸው።»

የበጀት ውይይቱ ለሕዝብ ክፍት በሆነበት ቀን እኔም አዳራሹ ውስጥ ነበርሁ። ስብሰባውን የሚመሩት አቶ ገሠሠ፣ «ገንዘቡ አጭር ነው። ለእናቶችና ለሕፃናት ቅድሚያ ሰጥተናል፤ አረጋውያኑን ልጆቻቸው ይጡሯቸው» እያሉ ሳለ በሩ ተከፈተ። ሽማግሌዎቹና አሮጊቶቹ ነጠላቸውን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቀው ገቡ። አስከሬኑ በሌለበት ለቅሶ የሟች ልብሱና ጠመንጃው አደባባይ እንደሚወጣ፣ እነሱም ምርኩዛቸውን አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ደረደሩ። እንዝርቱ ከሁሉ በላይ ተቀመጠ። እማማ ገበያነሽ ዓይናቸውን ጨፈኑ፦

ሐሙስ የኛ ደራሽ፣ ሐሙስ የኛ ጧሪ፣
አዳራሽ ውስጥ ሞተ፣ ሳያገኝ ቀባሪ።
ጕልበቴን ያቀናው፣ እጇን የመለሰ፣
በብዕር ተወግቶ፣ ደም ሳይፈስ ፈረሰ።

ሙሾ ሲወርድ ተቀምጦ መስማት በእኛ አገር ነውር ነው። ወንበሩ ሁሉ ተንኳኳ፤ ባርኔጣ ወረደ። አቶ ገሠሠም የዚሁ ደጋ ልጅ ናቸውና ጕልበታቸው ሳያማክራቸው ተነሣ። ከኋላ አንዲት ሴት ጮክ ብላ አለቀሰች።

እማማ ገበያነሽ ግን ድንገት አቆሙ። የተዘቀዘቀውን ነጠላ አቅንተው ለበሱ። እንዝርቱን እንደ ጦር ወደ ላይ አነሡት፤ ድምፃቸው ከሙሾ ወደ ቀረርቶ ዞረ፦

ቅበሩት ያለ ማን፣ ልቡ እየመታ፣
ሽማግሌም ሰው ነው፣ እስኪጠራው ጌታ!

«ከተነሣችሁ አይቀር» አሉ ከዚያ፣ «እጃችሁን ወደ ላይ! ጽናት እንዳስተማረችን!»

የሚያመነታ አልጠፋም፤ ግን እጁ ሁሉ ተነሣ፣ አዳራሹ የእጅ ዱር ሆነ። አቶ ገሠሠም አነሡ፤ ትከሻቸው ቀጭ ሲል እኔ ከኋላ ሰማሁት።

«አየህ፣ አንተም ሐሙስ ያስፈልግሃል የኔ ልጅ!» አሉ እማማ ዘነበች። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

አቶ ገሠሠም ሳቁ፤ ቀጥሎ ግን አንገታቸውን አቀርቅረው፣ «እናቶቼ፣ እንደገና እናየዋለን። ቃል ግን አልገባም» አሉ።

«ቃል ማን ጠየቀህ?» አሉ እማማ ገበያነሽ። «ከሕፃናቱ ጕርሻ አንነጥቅም፤ አባቶቻቸውን ያሳደግነው እኛ ነን። የእኛን ድርሻ ግን እኛ ሳንሞት አትቅበሩ። መልሳችሁ እስኪመጣ ሐሙስ ሐሙስ እዚሁ ግቢያችሁ ውስጥ ነን።»

ይህን ስጽፍ መልሱ አልመጣም። ሐሙስ ግን ይመጣል። ጉሙ ከገደሉ አፋፍ ሲገፈፍ፣ ሠራተኞቹ በተነሡ ምርኩዞች መካከል ጎንበስ እያሉ ወደ ቢሯቸው ያልፋሉ። ጽናትም ሥራ ሳትገባ ብቅ እያለች ግፊታቸውን ትለካለች። ባለፈው እኔም ከኋላቸው ቆሜ ነበር። የእማማ ዘነበች ቀኝ እጅ ደረታቸው ላይ ሲደርስ ቆመ።

«እምቢ አለኝ» አሉ እያለከለኩ።

«እምቢ ካለሽ አንቺም እምቢ በይው!» አሉ እማማ ገበያነሽ ሳይዞሩ።

እጁ እንደገና ቀስ ብሎ ተነሣ። ከትከሻም አለፈ።